ተመልካቹ በታሪክ ጸሐፊ ዓይን

«ስፖርትና ብሪታንያውያን» የተባለው የሪቻርድ ሆልት መጽሐፍ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1989 ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ምዕራፎች ያሉት ሲሆን፣ ከጥንቱ ጨዋታ ተነሥቶ እስከ ቅርቡ ዘመን ይዘልቃል። እኛ የምንመረምረው ግን አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ ከፍሎ ገብቶ ቆሞ የሚያየው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ስፍራ ተሰጠው? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ምስጋና የሚገባውን እናመሰግናለን። ስለ ከተማ ሠራተኞች ኑሮ የተጻፈው ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁሉ የጠነከረ ነው። የእግር ኳስ ተመልካች ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። የ1850 የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሴቶችንና ወጣቶችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳያሠሩ ከለከለ፤ የቅዳሜ ዕረፍትም እየዋለ እያደረ ለሌላው ሠራተኛ ደረሰ። በ1883 ብላክበርን ኦሊምፒክ የተባለው የሠራተኞች ቡድን የኢተንን ምሩቃን በዋንጫ ፍጻሜ 2 ለ 1 አሸነፈ። በ1885 ለተጫዋች ገንዘብ መክፈል ተፈቀደ፤ በ1888ም 12 ክለቦች ሊግ አቋቋሙ። ይህን ሁሉ የተሸከመው በበር የሚከፈለው ፔኒ ነው። ክለቡ በሰፊው ከተማ ለተበተነው ሕዝብ «የእኔ» የሚለው ነገር እንደ ሆነለት ሆልት ማሳየታቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ነቀፋችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሴቶች የራሳቸው ምዕራፍ የላቸውም። በታኅሣሥ 1920 በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ የሴቶችን ግጥሚያ ለማየት 53,000 ያህል ሰው ገብቶ ነበር። በዓመቱ የእግር ኳሱ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ አገደ፤ እገዳውም ወደ 50 ዓመት ገደማ ጸና። እንግዲህ ተመልካች ስለ ጠፋ ሳይሆን በትእዛዝ የተዘጋ በር መኖሩን ታሪክ ጸሐፊ ሊዘነጋው አይገባም።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ንግድንና ሁከትን አጣምሮ ይዟል። ሆልት ሁከተኛውን ከመላው ተመልካች ጋር አደባልቀዋል አንልም። ነገር ግን የዘመኑ ተመልካች በሁከት አርእስት ሥር ሲገባ፣ አንባቢው ሕዝቡን በፍርሃት ዓይን ማየት ይለምዳል። ፍርሃቱ ምን እንደሚያስከፍል መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ታየ። በሚያዝያ 1989 በሼፊልድ ሂልስበሮ ስታዲየም፣ ሕዝቡን ለመከልከል በታጠረው የብረት አጥር ውስጥ በደረሰው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞቱ። ፖሊስ ጥፋቱን በተመልካቹ ላይ ጣለ። በ2016 ግን የምርመራው ዳኞች ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ለአደጋው ምክንያት አለመሆናቸውን ወሰኑ። እውነቱ እስኪታወቅ 27 ዓመት ፈጀ።

በእኛ አስተያየት መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሆኖም ሦስተኛውን ምዕራፍ ያነበበ ሰው አምስተኛውን ሲጀምር አንድ ነገር ያስብ፤ በ1888 ሊጉን በፔኒው ያቆመውና ከመቶ ዓመት በኋላ በአጥር የተከበበው ሕዝብ አንድ ነው።