ወረፋውን የሚከፍል ላኪ

በስልኩ ትልቅ ፋይል እያወረደ አንድ ገጽ ለመክፈት የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ኔትወርክ አለ፣ ፋይሉም ይወርዳል፣ ገጹ ግን ወገቤን ይላል።

ምክንያቱ ወረፋ ነው። የሞባይል ጣቢያ በአየር ላይ የተበላሸውን የዳታ ቁራጭ (ፓኬት) ራሱ ደግሞ ይልካል፤ ለስልኩ የመጣውንም በሰፊ ማቆያ ያከማቻል። ስለዚህ ፓኬት ይዘገያል እንጂ እምብዛም አይጠፋም። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመውን ጥናት የተከተለው የቲሲፒ (በኢንተርኔት ዳታ የሚላክበት ደንብ) አሠራር ደግሞ መጨናነቅን በዋናነት የሚያውቀው ፓኬት ሲጠፋ ነው። ፓኬት እስኪጠፋበት ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ማቆያው ይሞላል።

ጃኮብሰን ራሱ ያለበት የጎግል መሐንዲሶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ቢቢአር የተባለ የአላላክ አሠራር ሁለት ነገር ይለካል፤ መንገዱ በሰከንድ የሚያሳልፈውን ዳታና ወረፋ በሌለበት ደርሶ መልሱ የሚፈጀውን ጊዜ። ሁለቱን ባንዴ መለካት አይቻልም። አቅሙን ለማወቅ መንገዱን መሙላት፣ ጊዜውን ለማወቅ ማራገፍ ያስፈልጋል።

የባለሙያ እጅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቢቢአር ለአንድ ደርሶ መልስ ያህል ፍጥነቱን 1.25 እጥፍ ያደርጋል። አቅም ተገኝቶ ከሆነ ተቀባዩ የሚልካቸው ማረጋገጫዎች ፈጠን ብለው ይመለሳሉ፤ ካልተገኘ ትንሽ ወረፋ ይፈጠራል። ወዲያው ወደ 0.75 ይወርዳል፤ የጨመረችው ሩብ ተቀንሳ ወረፋው ይጠራል። ከዚያ ስድስት ዙር ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጓዛል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ከያዘው ዝቅተኛ ጊዜ ያልበለጠ ነገር ካልታየው፣ መንገድ ላይ ያለውን ወደ 4 ፓኬት አውርዶ ቢያንስ ለ200 ሚሊሰከንድ ይታገሣል። ለማወቅ ሲል የተበደረውን ሁሉ እዚያው ይከፍላል።

በሞባይል ግን ጨዋነቱ ጎዳው። ጣቢያዎች ለአንድ ስልክ የሚመድቡትን አቅም በከፊል የሚወስኑት የተጠራቀመለትን ወረፋ አይተው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ወረፋቸው እጅግ ትንሽ ስለነበር ፈላጊ የሌለ መሰለ፤ ግንኙነቶቹ በዝቅተኛ ፍጥነት ተጣብቀው ቀሩ። ሠሪዎቹ የመጨመሪያዋን መጠን ከፍ አደረጉ፤ የተጣበቁት ግንኙነቶችም ቀነሱ።

ጉድለት አልጠፋውም። ማቆያው ጠባብ በሆነበት መስመር ላይ፣ የመጀመሪያው ቢቢአር ለፓኬት መጥፋት ደንታ ስለሌለው በመጥፋት የሚመራውን ኪዩቢክ የተባለ የቲሲፒ አሠራር ይገፋው ነበር፤ በኋላ የመጡት ቅጂዎች መጥፋትንም እንዲያዳምጡ ተደረገ። እርማቱ በዚህ መልክ የተቻለው እያንዳንዱ ቁጥር የቆመበት ምክንያት ስላለው ነው፤ ችግር ሲመጣ የትኛውን መንካት እንዳለበት ሠሪው ያውቃል።