የወደቀን ማንሣት፣ የተነሣን ማሰማራት

የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምሣሩ አንዳንዴ የጸሎት ርእስ መስሎ ይመጣል። «ስለ እገሌ እንጸልይ፤ ነገሩን ሰምታችኋል አይደል?» ይባላል፤ እስከ እሑድ ያልሰማ አይኖርም። ሰውየውም ከኅብረት ይርቃል፣ ስልክ አያነሣም፣ መንገድ ላይ ሲያየን ወደ ማዶ ይሻገራል። እኛም «ቀዘቀዘ» ብለን እንተወዋለን።

የማገለግለው በአዳዲስ አማኞች ክትትል ነው። ሰው ወንጌልን ሰምቶ ጌታን ሲቀበል ቃሉን አብሬው አነባለሁ፣ ለጥምቀት አዘጋጀዋለሁ፣ ሲበረታም እርሱ በተራው ለጎረቤቱ እንዲመሰክር አሰማራዋለሁ። በብዙ አጥቢያዎች ይህ አንድ ክፍል ነው፤ የወደቀ አገልጋይ ነገር ደግሞ ለሽማግሌዎች ይተዋል። ለአዲሱ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለወደቀው የእገዳ ደብዳቤ እንሰጣለን። በሥራው ላይ በቆየሁ መጠን ግን ሁለቱ አንድ ሙያ እንደሆኑ እየገባኝ መጥቷል። ያላመነውን ወደ ክርስቶስ የሚመራና የወደቀውን የሚያነሣ ሰው አንድ ዓይነት ትዕግሥት፣ አንድ ዓይነት ጆሮ ያስፈልገዋል። የተነሣው ሰውም ሌላውን መምራት እስኪጀምር ድረስ መነሣቱ አልተጠናቀቀም።

ይህን የምማረው ከጴጥሮስ ታሪክ ነው፤ ታሪኩን ግን ከይሁዳ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ይጠቅማል። በአንድ ሌሊት ሁለቱም ወደቁ፣ ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ሠላሳውን ብር ይዞ ወደ ካህናት አለቆች ተመለሰ፤ ንጹሕ ሰው አሳልፎ መስጠቱን በአፉ ተናገረ። እነርሱ ደግሞ ነገሩ የራሱ ጉዳይ እንደሆነ፣ እነርሱን እንደማያገባቸው መለሱለት። በደሉን ለመናገር የደፈረበት የመጀመሪያው በር ተዘጋበት፤ ከዚያ ወጥቶ ራሱን አጠፋ።

ስለዚህ እገሌ ወደቀ ሲባል ከምንም አስቀድሜ የማስበው ማን ይሂድ የሚለውን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከመጡበት ሰውየው በሩን ሳይከፍት መከላከያውን ያዘጋጃል። አንድ ሰው ይበቃል። ከውድቀቱ በፊት ማዕድ አብሮት የቆረሰ፣ ልጆቹን በስማቸው የሚጠራ፣ ቡና ሲቀርብለት እስከ በረካ የሚቀመጥ ሰው ይሂድ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጉዳዩ ምንም ሳይነሣ ቢመለስም ጉብኝቱ ከንቱ አልሆነም።

ጴጥሮስ የተነሣበት ቅደም ተከተል ለዚህ ሥራ መመሪያ ይሆነኛል። ኢየሱስ ገና ከመውደቁ በፊት ጸለየለት፤ እንደሚመለስና ሲመለስም ወንድሞቹን እንደሚያጸና አስቀድሞ ነገረው። በመቃብሩ ለሴቶቹ የተሰጠው መልእክት፣ በማርቆስ ወንጌል እንደምናነበው፣ ከደቀ መዛሙርቱ ለይቶ የጴጥሮስን ስም ጠራ። ከዚያም ጌታ ለብቻው ታየው። ሉቃስ ይህን ይጠቅሳል፣ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ውስጥ ያነሣዋል። ሁለቱ ምን ተባባሉ? የትም አልተጻፈም። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌሎች እየሰሙ የተደረገው ንግግር የመጣው ከዚህ ስውር ግንኙነት በኋላ ነው።

ሪፖርት ለምንወድ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ንግግር ቃለ ጉባኤ አይያዝለትም፤ ለቤት ኅብረትም «እንድትጸልዩበት» ተብሎ አይነገርም። ወሰን ግን አለው። ልጅ ተደፍሮ፣ ሰው ተደብድቦ ወይም የሌላው ገንዘብ ተወስዶ ከሆነ ምስጢር መጠበቅ ተበዳዩን ሁለተኛ መበደል ነው። እዚያ ላይ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ሕግ ይሄዳል፤ የወደቀውን ማንሣት የተጎዳውን ከመጠበቅ አይቀድምም።

በባሕሩ ዳር ሰባት ደቀ መዛሙርት ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ነጋ፤ ከዚያ መረባቸው 153 ትልልቅ ዓሣ ይዞ ወጣ። ኢየሱስ ፍሙን አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ ከያዙትም እንዲያመጡ አደረገ። ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን እናስቀድምና ማዕዱን መልሱ ደስ ካሰኘን እናቀርባለን።

ጥያቄውም ልብ ይባልልኝ። ለምን ካድኸኝ አላለውም፤ ዳግመኛ እንዳይክድም አላስማለውም። የጠየቀው ስለ ፍቅሩ ነው። በመጨረሻው ራት ማታ ሌሎቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እኔ አልሰናከልም ያለው ጴጥሮስ አሁን ራሱን ከማንም ጋር አላወዳደረም። እያንዳንዱን መልስ ተከትሎ ደግሞ ሥራ ተሰጠው፤ ሥራውም መንጋን መመገብና መጠበቅ ነበር።

በዚህ ቦታ ሁለት ፈተና ያጋጥመናል። አንደኛው ሥራውን ማዘግየት ነው። አንድ የመዘምራን መሪ የነበረ ወንድም «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ከወንበር ወደ ወንበር እየተቀመጠ የስብከት አድማጭ ብቻ ሆኖ ወራት አልፈውበት ነበር። መዝሙሩ አልተመለሰለትም፤ ጊዜው አልነበረም። ነገር ግን ከሰፈሩ አንድ አዲስ አማኝ ወጣት ሰጠሁትና በሳምንት አንድ ቀን የማርቆስን ወንጌል አብረው ማንበብ ጀመሩ። ወጣቱ የሚጠይቀውን ለመመለስ ሲል ራሱ ማጥናት ጀመረ፤ መጸለይም ተመለሰለት።

ሁለተኛው ፈተና መቸኮል ነው። ሰውየው ገና እንባው ሳይደርቅ መድረክ ላይ አውጥተን ምስክርነት እናሰጠዋለን። ጉባኤው ያጨበጭባል፤ እርሱም ከመቆም ይልቅ ውድቀቱን መተረክ ይለምዳል። ይቅርታና አደራም ይምታታብናል። የሙዳየ ምጽዋቱን ገንዘብ ያጎደለ ወንድም በክርስቶስ ይቅር ተብሎ በማዕዱ ይቀመጣል፤ የሣጥኑ ቁልፍ ግን ለሌላ ሰው ይሰጥ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ለእርሱም ጥበቃ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ አላት። ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ በጵርጌን ላይ ጥሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ጳውሎስ ሁለተኛ አልወስደውም ሲል በርናባስ ዘመዱን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ ጠየቀ፤ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን መሥራቼ የምትለው ይህንኑ ከመንገድ የተመለሰ ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳሳቷን የተቀበለችው ከማርቆስ መንበር ነበር።

በዚሁ መንበር የተቀመጠው ጴጥሮስ፣ በእኛ ዘንድ ተፍጻሜተ ሰማዕት የሚባለው፣ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት መካከል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ306 ገደማ፣ ስለ ካዱ ክርስቲያኖች ቀኖና ጻፈ። ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልሰፈራቸውም። ተገርፈው፣ ሥጋቸው ደክሞ የካዱት ሦስት ዓመት በልቅሶ ቆይተው ነበርና 40 ቀን ብቻ ጨመረላቸው። ታስረው ሳይገረፉ የካዱት አንድ ዓመት ይጨመርባቸው አለ። በራሳቸው ፈንታ ባሪያዎቻቸውን ለጣዖት ያሠዉ ጌቶች ሦስት ዓመት፣ የተገደዱት ባሪያዎች ግን አንድ ዓመት። ከካዱ በኋላ ተመልሰው እምነታቸውን የመሰከሩትን ደግሞ ከነሙሉ ደስታ እንቀበላቸዋለን አለ። በሩ ቀለለ ብለው የተቃወሙት ነበሩ። እርሱ ግን በ311 በሰማዕትነት ሲያርፍ ለራሱ ሕይወት ሳስቶ ያላላው እንዳልነበር ታየ። ከዚህ ሰነድ የምወስደው ቁጥሩን አይደለም፤ ከፍርድ በፊት እያንዳንዱ እንዴት እንደወደቀ መጠየቁን ነው።

አሁን ወደ ወንጌል ምስክርነት ልምጣ። ጴጥሮስ በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ቆሞ ለሕዝቡ ሲሰብክ በጲላጦስ ፊት ኢየሱስን ካዳችሁት አላቸው። ይህን የሚለው ማን ነው? በአገልጋይ ሴት ፊት የካደው እርሱ ራሱ! በዚያው ስብከት ግን ባለማወቅ እንዳደረጉት እንደሚያውቅ ነገራቸውና ወደ ንስሐ ጠራቸው። በደሉን አላለሳለሰም፣ በሩንም አልዘጋም። ምሕረትን በራሱ ላይ ያየ ሰው እንዲህ ይናገራል።

በሰፈራችን ለወንጌል የምንቀርባቸው ወጣቶች ዘወትር የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «መጀመሪያ ጫቱን ልተው፣ ራሴን ላስተካክል፣ ከዚያ እመጣለሁ።» ወድቆ የማያውቅ የሚመስል ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከመጽሐፍ የተቀዳ ይሆናል። ያ የመዘምራን መሪ ግን «ወንድሜ፣ እኔ ከገባሁም በኋላ ወድቄ ነው ያነሣኝ፤ አንተን ከመግባትህ በፊት ለምን ያባርርሃል?» ሲል ወጣቱ ቀና ይላል።

ስለዚህ ለአዳዲስ አማኞች ከጥምቀት በፊት በምሰጠው ትምህርት ውስጥ ስለ መውደቅ አስቀድሜ አነሣለሁ፤ ኢየሱስም ለጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ነግሮታል። «ብትወድቅ በዚያው ቀን የምትደውልለት ሰው ማን ነው?» እላለሁ፤ ስሙን ይነግረኛል፣ ለዚያም ሰው ራሱ ሄዶ ይነግረዋል። ሰው ሲያፍር አማካሪ መፈለግ አይችልም፤ ቀድሞ የተነገረው ሰው ግን ሳይጠራም ይመጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የተነሣ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሰዎችን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ሲያፈገፍግ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃውሞታል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሐዋርያነቱን አልሰረዘችም፤ ተግሣጹም አልተሸሸገም።

በዓመቱ መጨረሻ አጥቢያዎች ስንት ሰው አመነ፣ ስንት ተጠመቀ ብለው ይቆጥራሉ፤ ይቁጠሩ። ሪፖርቱ ላይ ግን ሦስት ጥያቄ እጨምርበታለሁ። ከመካከላችን ማን ወደቀ? ማን ሄዶ አገኘው? ከተነሣ በኋላስ ማንን ወደ ክርስቶስ እየመራ ነው? ሦስተኛው መልስ ካላገኘ ሁለተኛውን ገና አልጨረስነውም።