ሰይፍ በቀኝ፣ ድግምት በግራ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል አንዱ ተረታችን። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» ይላል ሌላው። ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ አፍ የወጡ፣ ሁለቱም በየቦታቸው እውነት የሆኑ አባባሎች ናቸው። ችግሩ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ለሁለቱም መታዘዝ አለመቻሉ ነው። ታዲያ ለየትኛው ይፈረድ? ይህን ክርክር ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ በቁጥርና በደንብ ሲዳኝ የኖረ አንድ የጥበብ ዘርፍ አለ፤ ከሥነ ጽሑፍ ሰዎቻችን ብዙዎቹ ግን «የልጆች ነገር» ብለው ያልፉታል። የሚና ጨዋታ ማለቴ ነው።

ላልተጫወተ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቹ በኮምፒዩተር ወይም በፕሌይስቴሽን ፊት ቁጭ ብሎ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ መልክ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ዘንዶና ጭራቅ በሞላበት የተረት ዓለም ውስጥ ይለቀዋል። ገጸ ባሕርይው ድል ባደረገ ቁጥር ያድጋል፤ የዕድገቱን ነጥብ በጥንካሬው፣ በዕውቀቱ ወይም በሌላ ችሎታው ላይ የሚደለድለው ተጫዋቹ ነው። ብዙው ሰው ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛል። ወይ ጥሩር ለብሶ በጨበጣ የሚፋለም ሰይፈኛ ይሆናል፤ ወይ ከሩቅ ቆሞ እሳትና መብረቅ የሚያዘንብ አስማተኛ። ሦስተኛው ግን «ሰይፉንም ድግምቱንም ልያዝ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ እሱ ነው፤ ቅይጥ ተዋጊ እንበለው።

«ይህ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። በልብ ወለድ ገጸ ባሕርይን የሚቀርጸው ደራሲው ብቻ ነው፤ አንባቢ ተቀርጾ ያገኘዋል። በሚና ጨዋታ ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል፤ ደንቡን ደራሲው ይጽፋል፣ ሰውየውን ተጫዋቹ ይጽፋል። እንግዲህ ደንቡ ራሱ ስለ ሰው ልጅ የተያዘ አቋም ነው ማለት ነው። ሰው ስንት ነገር መሆን ይችላል? ሁለት ነገር ለመሆን የሚፈልግስ ምን ይክፈል? እኔ የምከራከረው ቅይጡ ተዋጊ ሙሉ ገጸ ባሕርይ የሚሆነው ደንቡ ዋጋ ሲያስከፍለው ብቻ ነው በሚል ነው። ዋጋው ሲቀር ሰውየውም አብሮ ይቀራል።

ከምንጩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን፣ በወረቀት፣ በእርሳስና በዛራ የሚጫወቱትን ጨዋታ አሳተሙ። በዚያ ደንብ አስማተኛ ጥሩር አይለብስም፤ ከጩቤ በቀር መሣሪያ አይጨብጥም። አንድ ፍጡር ብቻ ከዚህ ክልከላ በከፊል ነፃ ወጥቶ ነበር፤ ኤልፍ የሚባለው ረጅም ዕድሜ ያለው የተረት ፍጡር። ኤልፍ ሰይፈኛም አስማተኛም መሆን ይችላል፤ ግን ዛሬ የትኛውን እንደሚሆን ጉዞው ሳይጀመር መምረጥ አለበት፤ በጉዞው መካከል መቀየር አይፈቀድለትም። በዚያ ላይ በሰይፈኝነት ከ4ኛ፣ በአስማተኝነት ከ8ኛ ደረጃ አያልፍም። የመጀመሪያው ቅይጥ እንግዲህ ሁለት ልብስ ያለው፣ ሁለቱን ግን ደርቦ መልበስ የማይችል ሰው ነበር።

ይህ ደንብ ተሻሽሎ ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ዋጋው መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ባዮዌር በ1998 ባወጣው «ባልደርስ ጌት» ውስጥ ኤልፉ ሁለቱንም ሙያ ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል፤ ነገር ግን ያገኘው ልምድ ሁሉ ለሁለት እኩል ይካፈልበታል። ጓደኞቹ ወደፊት ሲገሰግሱ እሱ በሁለቱም በኩል ወደኋላ ይቀራል። ከባድ ጥሩር ከለበሰ ደግሞ ድግምቱ ይያዛል። የሰው ልጅ ዕጣ ከዚህም የከፋ ነው፤ ሰይፈኛ ሆኖ ጀምሮ ወደ አስማት ቢዞር፣ በአዲሱ ሙያው ከቀድሞ ደረጃው እስኪያልፍ ድረስ የሰይፍ ችሎታው ይነጠቃል። ትናንት አገር ያንቀጠቀጠው ጀግና ዛሬ እንደ ጀማሪ ተማሪ ከሰልፉ ጀርባ ይደበቃል። ይህን ደንብ ጨካኝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከብዙ ልብ ወለድ የበለጠ እውነት አየሁበት። በጎልማሳነቱ አዲስ ሙያ የጀመረ ሰው ሁሉ ያንን የውርደት ዘመን ያውቀዋልና።

አሁን ወደ 2011 እንሻገር። ቤተስዳ የተባለው ድርጅት «ስካይሪም»ን ሲያወጣ የሙያ ምርጫ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አስወገደው። አሥራ ስምንት ክህሎቶች አሉ፤ የተጠቀምህበት ያድጋል። በአንድ እጅ ሰይፍ፣ በሌላው እሳት ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ጥሩሩም ድግምቱን አይከለክልም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ደስ ይላሉ። ቆይቶ ግን ነገሩ ይላላል። ሰይፉ በክህሎት ያድጋል፣ በአንጥረኛ ቤት ይሳላል፣ በጠንቋይ ጠረጴዛ ላይ ይጠነክራል። የእሳቱ ጉዳት ግን ክህሎቱ በማደጉ ብቻ አይጨምርም፤ የሚቀንሰው ወጪው ነው። ስለዚህ ግራ እጅ ከቀኝ እጅ እየራቀ ይሄዳል። መድኃኒቱ ደግሞ ከበሽታው ይብሳል። ጠረጴዛው ላይ የበቃ ተጫዋች በአራት ልብስና ጌጥ ላይ እያንዳንዳቸው የድግምትን ወጪ 25 በመቶ የሚቀንሱ ኃይሎችን ያሳድራል፤ አራት ጊዜ 25 መቶ ነው፤ ድግምቱ ነፃ ይሆናል!

በዚያች ቅጽበት ቅይጡ ተዋጊ ይሞታል። ምንም ያልከፈለበትን ነገር መርጧል ማለት አይቻልም። እዚያው «ስካይሪም» ውስጥ ጥቂት ድግምት ብቻ የሰነዘረ መጥረቢያ አንሺ የአስማተኞች ኮሌጅ የበላይ ሆኖ ሊሾም ይችላል፤ ማንም «ምን ታውቃለህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ሁሉን የሚሆን ሰው ማንንም አይሆንም። በእርግጥ «ነፃነት ነው» ብለው የሚወዱት ሚሊዮኖች ናቸው፤ እኔም የበረዶ ተራሮቹን ውበት አልክድም። የምናገረው ስለ ሰውየው ነው።

የፍሮም ሶፍትዌር «ኤልደን ሪንግ» በየካቲት 2022 ሲወጣ፣ ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ ለዚህ ጥያቄ የተለየ መልስ ይዞ መጣ። ከአሥሩ መነሻ ገጸ ባሕርያት አንዱ እስረኛ ነው፤ ፊቱ በብረት ጭንብል የታሰረ፣ ቀጭን መውጊያ ሰይፍና የአስማት በትር የያዘ። ቅልጥፍናው 14፣ ዕውቀቱም 14። በሁለቱ መካከል ቆሞ የተወለደ ሰው ነው። የሕይወት ጉልበቱ ግን 11 ብቻ ነው፤ ለሰይፍ ብቻ የተፈጠረው ባላባት 15 ይዞ ይጀምራል።

ይህን እስረኛ «ሙንቬይል» የተባለውን ታዋቂ ጎራዴ እናስታጥቀው ብንል ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጎራዴው 12 ጥንካሬ፣ 18 ቅልጥፍናና 23 ዕውቀት ይጠይቃል። እስረኛው አንድ የጥንካሬ፣ አራት የቅልጥፍና፣ ዘጠኝ የዕውቀት ነጥብ ይጎድለዋል፤ በድምሩ 14 ደረጃ መውጣት አለበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕይወት ጉልበቱ እዚያው 11 ላይ ነው፤ በአንድ ሁለት ምት ይወድቃል። ባላባቱ ያንኑ 14 ነጥብ በሕይወቱ ላይ ቢያፈሰው 29 ይደርስ ነበር። በትሩም አንድ እጅ ይይዛል፤ ሰይፍና በትር ከያዘ ጋሻ የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ተጓዡ ቢበዛ 14 መጠጥ ይይዛል፤ ቀዩ ቁስልን ይፈውሳል፣ ሰማያዊው የድግምትን ኃይል ይመልሳል፤ አንዱን ባበዛ ቁጥር ሌላው ይጎድላል። ዋጋው በእያንዳንዷ ጉርሻ ይቆጠራል።

ምን ያተርፋል ታዲያ? ጊዜን ያተርፋል። እስረኛው ይዞት የሚነሣው ድግምት አየር ላይ የብርሃን ስለት ያንሳፍፋል፤ ስለቱ ወዲያው አይወረወርም፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቀቃል። አዋቂ ተጫዋች ስለቱን ሰቅሎ በሰይፍ ይገባል። ጠላት ከሰይፉ ሲሸሽ ስለቱ ያገኘዋል፤ ከስለቱ ሲሸሽ ሰይፉ ይጠብቀዋል። ሰይፈኛው ይህን አይችልም፤ አስማተኛው ይህን አይደፍርም። ሁለቱ ሙያዎች ተደምረው ሦስተኛ ሙያ ሲወልዱ የሚታየው እዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የቁጥሩ አካሄድ ነው። የሕይወት ጉልበትን ከ40 ወደ 60 ማሳደግ 450 የሕይወት መጠን ይጨምራል። ከ60 ወደ 99 ማሳደግ ግን፣ በእጥፍ ገደማ ነጥብ፣ የሚጨምረው 200 ብቻ ነው። ሌሎቹም ችሎታዎች በየራሳቸው ልክ ከአንድ ወሰን በኋላ ትርፋቸው ይቀንሳል። ትርጉሙ ምንድን ነው? በአንድ ነገር ላይ የሙጥኝ ያለ ሰው መጀመሪያ ይበለጽጋል፤ ኋላ ግን መሬቱ ይደክምበታል። ቅይጡ በወጣትነቱ ድሃ ነው፤ ዕድሜ ከሰጠው ግን ሁለት ለም ማሳ አለው። እነሆ የሁለቱ ተረቶች ዕርቅ! «ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የጀማሪው ሕግ ነው፤ «ሁለት ባላ ትከል» ደግሞ የዘላቂው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር እነቅፋለሁ። አንደኛ፣ ጨዋታው የሚያሳየው የሚቀጥለውን እርምጃ እንጂ ትርፉ የት ላይ እንደሚሰበር አይደለም፤ መዋዕለ ነጥቡን የሚያፈሰው ተጫዋች በጨለማ ይቆፍራል። ሁለተኛ፣ ያ ያመሰገንኩት የጊዜ ጥበብ በራሱ በ«ሙንቬይል» ይደፈርሳል። ጎራዴው ወደ አፎቱ ተመልሶ ሲመዘዝ የብርሃን ማዕበል ይለቃል፤ በትርም፣ የተሰቀለ ስለትም አያስፈልግም። ሰይፍና ድግምት አንድ ቁልፍ ላይ ተሰፉ። ያማረ መሣሪያ ነው፤ ግን ቅይጥነቱ የብረቱ እንጂ የሰውየው አይደለም። ለሚጀምር ሰው የምመክረው በበትሩና በሰይፉ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቶ፣ ነጥቡን ለመሣሪያው ከሚጠይቀው ሳያሳልፍ፣ ትርፉን ሕይወቱ ላይ እንዲያውል ነው። ያልሞተ ቅይጥ ብቻ ነው ቅይጥነቱን የሚያሳየው።

ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፍብኛል። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ ቀን ትርጉም፣ ማታ ሂስ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። «አንዱን ያዝ» የሚለው ምክር ለጆሮዬ አዲስ አይደለም፤ እንደ እኔ ያሉ በየመንደሩ ሞልተዋል፤ አስተማሪና ነጋዴ፣ ነርስና ገጣሚ። ለእነሱ «ሁሉን መሆን ትችላላችሁ፤ ምንም አያስከፍልም» የሚል ጥበብ ያታልላቸዋል፤ «ፈጽሞ አይቻልም» የሚለውም ይዋሻቸዋል። «ይቻላል፤ ዋጋው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ዘመን ይከፋል» የሚል ደንብ ግን ሰውን እንደ ሰው ይቆጥረዋል። «ኤልደን ሪንግ» ከነእንከኑ ይህን ይላል፤ ስለዚህም ከ«ስካይሪም» አስቀድመዋለሁ።