ቤቱ የማን ነው? በጄኖቫው ስትራዳ ኑኦቫ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

የጄኖቫው ስትራዳ ኑኦቫ፣ ማለትም "አዲሱ ጎዳና"፣ ስሙ ከቁመናው ይበልጣል። ርዝመቱ 250 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱም ከ7 ሜትር ተኩል ብዙ አይርቅም። ግራና ቀኙን የያዙት ቤቶች ሌላ ከተማ ቢሠሩ ኖሮ እያንዳንዳቸው ሰፊ አደባባይ ይሰጣቸው ነበር። እዚህ ግን ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ የአንዱን ገጽታ ሙሉውን ለማየት ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ጎብኚ ጀርባው ከማዶው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ አንገቱን ቀና አድርጎ መስኮት በመስኮት እየቆራረጠ ያያል።

በመጻሕፍት የምናውቀው ጎዳና ይህ አይደለም። ፍሌሚሹ ሠዓሊ ፒተር ፖል ሩበንስ በወጣትነቱ ጄኖቫ ተመላልሶ የባለጸጎቿን መልክ ሥሏል። በ1622 ደግሞ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቤቶቹን ንድፍ በአንትወርፕ አሳተመ። በእሱ ገጾች ላይ እያንዳንዱ ቤት ብቻውን ቆሞ፣ ከነወለል ንድፉ፣ ያለ ጎረቤትና ያለ እግረኛ ይታያል። ሩበንስ በመግቢያው የሚያቀርበው ምክንያት ግልጽ ነው፤ እነዚህ ለመሳፍንት ግቢ የሚሆኑ ሳይሆኑ ለግል ባለጸጋ ቤተሰብ የሚመቹ ቤቶች ናቸው፤ የሰሜን አውሮፓ ሀብታምም ይማርባቸው። የጎዳናው "የግል" ንባብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ2006 ዩኔስኮ ስትራዳ ኑኦቫንና መሰሎቹን ጎዳናዎች፣ 42 ቤቶችንም ጨምሮ፣ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያጎላው ተቃራኒውን ነው፤ የግል ቤቶች ለሕዝባዊ አገልግሎት የዋሉበትን ሥርዓት። የዛሬዎቹ አስጎብኚዎችም ይህንኑ ይደግማሉ።

ለእኔ ሁለቱም ንባቦች ግማሽ ናቸው። ጎዳናው የግልም የመንግሥትም አይደለም። የተሠራው በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር፣ ለጥቂት ቤተሰቦች ሲበጅ እንዲከፈትና ሳይበጅ እንዲዘጋ ነው። ይህን ለማየት ከግንባሮቹ ውበት ትንሽ መራቅ ያስፈልጋል።

የጄኖቫው የባሕር ኃይል አዛዥ አንድሬያ ዶሪያ በ1528 ከፈረንሳይ ወገን ወጥቶ ወደ ስፔኑ ንጉሥ ቻርልስ አምስተኛ ሲዞር ጄኖቫን ከስፔን ዘውድ ጋር አሰራት። የሪፐብሊኩን ሥልጣንም 28 አልቤርጎ በሚባሉ የቤተሰብ ስብስቦች ውስጥ አጠረው። በ1550 የከተማው አስተዳደር ከካስቴሌቶ ኮረብታ ሥር ያለውን መሬት ለአዲስ ጎዳና እንዲቆረስ ወሰነ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የከተማው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር እዚያ ነበር። ሰፈሩ ፈረሰ፣ መሬቱ በጨረታ ተሸጠ፣ ገንዘቡ ለሳን ሎሬንዞ ካቴድራል ሥራ እንዲውል ታሰበ። ቦታዎቹን የወሰዱት በጋብቻና በብድር የተሳሰሩ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ፓላቪቺኖ፣ ስፒኖላ፣ ሎሜሊኖ፣ ግሪማልዲ። የተፈናቀለው ንግድ ግን ሩቅ አልሄደም፤ ከቤቶቹ ጀርባ ቁልቁል በሚገኘው የማዳሌና ሰፈር ጠባብ መንገዶች ውስጥ ዛሬም አለ። ከስትራዳ ኑኦቫ እዚያ ለመድረስ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በጉብኝት መጻሕፍት ግን የተለያዩ ዓለሞች ናቸው።

የጎዳናው ቀያሽ ማን ነው የሚለውም ክርክር አለው። የሠዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው ቫዛሪ ክብሩን ለአርክቴክቱ ጋሌያትሶ አሌሲ ሰጥቶ ነበር። በሰነዶቹ በኩል ሥራውን ሲመራ የሚታየው ግን የከተማው መሐንዲስ ቤርናርዲኖ ካንቶኔ ነው። ታላቅ ስም ያለው አርክቴክት ከደመወዝተኛ ባለሙያ ይልቅ ለታሪክ ያማረ መስሎ ስለሚታይ ይመስለኛል አሌሲ በቀላሉ ከጎዳናው ስም የማይወጣው። ጎዳናው ለመተላለፊያነት የታሰበ አለመሆኑ ከዚህ ክርክር ይበልጥ ያመራምራል። በምዕራብ በኩል ሰፊ መንገድ አግኝቶ ከሌላው ከተማ ጋር የተገናኘው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዛሬው ቪያ ካይሮሊ ሲከፈት ነው። እስከዚያ ድረስ በሕዝብ ውሳኔ የተከፈተው መንገድ በተግባር የባለጸጎች ግቢ ሆኖ ኖሯል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ቶቢያ ፓላቪቺኖ አሉም ከተባለው፣ ጨርቅ ቀለም እንዲይዝ ከሚያደርገው ማዕድን ንግድ ከበረ፤ ቤቱ ዛሬ የከተማዋ የንግድ ምክር ቤት ነው። ትልቁ ሀብት ግን የመጣው ከብድር ነው። የጄኖቫ ባንከሮች በፍላንደርስ ለሚዋጋው የስፔን ጦር ገንዘብ ያቀርቡ ነበር። ብድሩ የሚመለሰው ከአሜሪካ በሚጫን ብር ሲሆን፣ ሒሳቡ ደግሞ በትልልቅ የምንዛሪ ገበያዎች ይጣራል። የታሪክ ጸሐፊው ፈርናን ብሮዴል ከ1557 እስከ 1627 ያለውን ዘመን የጄኖቫውያን ዘመን ያለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ዓመታት ስፔን ዕዳዋን መክፈል አቅቷት የከሠረችባቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የዚህን ሀብት ሌላ ፊት በቤቶቹ ውስጥ መፈለግ ይከብዳል። በ1518 የስፔን ዘውድ 4,000 አፍሪካውያንን በባርነት ወደ አሜሪካ ለማጓጓዝ የሰጠው ፈቃድ ተሽጦ ጄኖቫውያን ነጋዴዎች እጅ ገባ። በ1662 ደግሞ ለስፔን ቅኝ ግዛቶች ባሪያ የማቅረቡን ውል ዶሜኒኮ ግሪሎና አምብሮጆ ሎሜሊኖ ወሰዱት። የኒኮሎዚዮ ሎሜሊኖ ቤት፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የኖራ ቅርጽ የተጌጠው፣ ከጎዳናው ቤቶች ሁሉ ብዙ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ ቤርናርዶ ስትሮትሲ በ1620ዎቹ የሣለው የጣሪያ ሥዕል አለ፤ ክርስትና በአዲሱ ዓለም ባሕር ዳርቻ ሲወርድ ያሳያል። ሥዕሉ ለዘመናት በልስን ተሸፍኖ ኖሮ በእኛ ዘመን ተገለጠ። በሥዕሉ መርከብ የምታራግፈው እምነትን ብቻ ነው።

ከቤቶቹ ሁሉ ትልቁን ያስገነባው ኒኮሎ ግሪማልዲ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1565 ነበር። ግሪማልዲ የስፔኑ ንጉሥ የፊሊጶስ ሁለተኛ አበዳሪ በመሆኑና ማዕረግ በማከማቸቱ "ንጉሡ" የሚል ቅጽል አትርፏል። ቤቱ የሦስት ቦታ ስፋት ይዟል። ግንባሩ የፊናሌን ሮዝ ድንጋይ፣ ግራጫ ድንጋይና ነጭ እብነ በረድ ያጣመረ ነው። የኮረብታውን ዳገት ያሸነፈበት መንገድ ግን ከጌጡ ይልቅ ያስደንቃል። ከደጁ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ በደረጃ ወደ ባለ ዓምድ ግቢ፣ ከግቢው ደግሞ ለሁለት በሚከፈል ደረጃ ወደ ላይ። እንግዳው ወደ ባለቤቱ እልፍኝ የሚደርሰው በየእርከኑ እየቆመ ነው። ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ደረጃ ሥራ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ተበዳሪው ንጉሥ ዕዳውን መክፈል ሲያቆም ግን አበዳሪው "ንጉሥ" ቤቱን ማቆየት አልቻለም። በ1597 ወደ ዶሪያዎች ተላለፈ፤ ዛሬ የሚጠራበትን ቱርሲ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ ቤተሰብ መስፍን ነው። ከ1848 ወዲህ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የፓጋኒኒ ቫዮሊንም የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሮሊ የተባለው ሥርዓት የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1575 ነባሮቹና አዲሶቹ መኳንንት እርስ በርስ ጦር ተማዘዙ፤ በዚያው ዓመት ፊሊጶስ እንደገና ክፍያ አቆመ። በ1576 የመኳንንቱ ጠብ በአዲስ ሕግ ተቋጨ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሴኔቱ ለመንግሥት እንግዳ ማረፊያ የሚሆኑ የግል ቤቶች ስም ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዘዘ። ጄኖቫ ርእሰ መንግሥቷ፣ ዶጁ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚመረጥባት ሪፐብሊክ ነበረች፤ የውጭ ልዑል የሚያስተናግድ ነጋሢ ቤተሰብ አልነበራትም። ስለዚህ ቤቶቹ በስፋታቸውና በውበታቸው በደረጃ ተመደቡ። የላይኛው ምድብ ለነገሥታት፣ ለካርዲናሎችና ለመሳፍንት፣ የታችኛው ለአገረ ገዢዎችና ለመልእክተኞች ሆነ፤ እንግዳ ሲመጣም ዕጣ ይወጣል። ዝርዝሩ በ1588፣ በ1599፣ በ1614 እና በ1664 ታድሷል።

በእኛ አገር ለመንግሥት እንግዳ ድርጎ የሚወጣው ከባላገር ጎተራ ነበር። በጄኖቫ ሸክሙ በሀብታሙ ደጅ ላይ ወደቀ። ከዚህ ተነሥቶ ሥርዓቱን እንደ ፍትሐዊ ግብር የሚያይ አለ፤ እኔ ግን አልስማማም። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ራሱ የማዕረግ ምስክር ወረቀት ነበር። በቤትህ ያደረ የስፔን ሹም ነገ ብድር ፈላጊ ነው፤ ወይም አስቀድሞ ባለዕዳህ ነው። የመንግሥት ግዴታ ተብሎ የተጻፈው ነገር ለባንከሩ የደንበኛ መቀበያ ነበር። ዕጣውም የሚያስታርቀው ባለጸጎቹን እርስ በርስ ነው፤ ትናንት ጦር የተማዘዙ ቤተሰቦች ክብሩን በተራ እንዲካፈሉ።

የጄኖቫ እንግዳ አቀባበል ከቤቶቹ የቆየ ነው፤ ከቀደሙት እንግዶቿም መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በተለምዶ 1306 በሚባለው ዓመት፣ በዓፄ ውድም ረአድ ዘመን ማለት ነው፣ 30 ያህል ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ወደ አውሮፓ ተጉዘው ሲመለሱ መልካም ንፋስ እስኪነፍስ ጄኖቫ ቆይተዋል። ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ የተባለ የወደቡ ቤተ ክርስቲያን ካህንና ካርታ ሠሪ ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ሥርዓታቸውና ስለ አገራቸው ጠይቆ ጻፈ። ጽሑፉ ራሱ ጠፍቷል፤ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የሚታወቀው በ1483 በታተመ ታሪክ ውስጥ በተጨመቀው ቅጂ ነበር። አሌሳንድሮ ባውሲና ፓኦሎ ኪየዛ የጋልቫኖ ፊያማን ዜና መዋዕል ካጠኑ ወዲህ ግን ሰፋ ያለ ምንባብ ተገኝቷል፤ የጉዞውን ዓመትና ዓላማ በተመለከተም ክርክሩ እንደ አዲስ ተከፍቷል። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመኝ የጥያቄዎቹ ዓይነት ነው። የነጋዴ ከተማ ቄስ እንግዳውን የሚጠይቀው ስለ ነፍሱ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ወዴት እንደሆነም ይጠይቀዋል። መስተንግዶና መረጃ መሰብሰብ በዚያ ወደብ ላይ ገና ያኔ አልተለያዩም ነበር።

የዛሬው ጎብኚ የሚያየው አብዛኛው ነገር የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዘመን ስጦታና ጥገና ነው። ቀዩን ቤት፣ ፓላትሶ ሮሶን፣ የጋሊየራዋ ዱቼስ ማሪያ ብሪኞሌ ሳሌ በ1874 ለከተማው ሰጠች፤ ነጩ ቤትም በኋላ በኑዛዜዋ ተከተለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጥቃት በኋላ አርክቴክቱ ፍራንኮ አልቢኒ ሁለቱን ዘመናዊ ሙዚየም አደረጋቸው። የነጩ ቤት ክፍሎች ጌጥ ተቀንሶባቸው ሥዕል ብቻ እንዲናገርባቸው የተደረገበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ጉዳቱ ቤቱ ቤት መሆኑን ማስረሳቱ ነው። በሐምሌ 2001 ደግሞ ከተማዋ የቡድን 8 መሪዎችን ስታስተናግድ መሐሏ በአጥር ተከለለ። ስብሰባው በፓላትሶ ዱካሌ ሲካሄድ ከአጥሩ ውጭ አንድ ወጣት ተቃዋሚ በካራቢኔሪ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ሮሊን "ከተማዋ ለዓለም የተከፈተችበት ሥርዓት" ብሎ የሚያወድስ ጽሑፍ ይህን ዓመት ቢዘል አይገርምም።

የጎዳናው ስም ቪያ ጋሪባልዲ የሆነው በ1882፣ ለጣሊያን አንድነት የተዋጋው ጁሴፔ ጋሪባልዲ በሞተበት ዓመት ነው። ጋሪባልዲ በ1860 ሺህ ዘማቾቹን ከጄኖቫ አጠገብ ወደ ሲሲሊ የወሰደባቸው ሁለት መርከቦች የራፋኤሌ ሩባቲኖ ኩባንያ ነበሩ። መርከቦቹ ተዘረፉ ተባለ፤ ዘረፋው ግን ከኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ጋር የተመከረበት ነበር። መንግሥት አላየሁም እንዲል፣ ኩባንያው ተገደድኩ እንዲል። ይኸው ኩባንያ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በእኛ ታሪክ ውስጥ ይገባል። የሱዌዝ ቦይ በተከፈተበት ወር፣ በኅዳር 1869፣ የቀድሞው ሚሲዮናዊ ጁሴፔ ሳፔቶ አሰብ ላይ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች መሬት ተዋዋለ። ሳፔቶን የላከው የጣሊያን መንግሥት ነበር፤ የባለቤትነቱ ስም ግን የሩባቲኖ ሆነ። በ1882 መንግሥት ይዞታውን ከኩባንያው ገዝቶ የመጀመሪያው ቅኝ ግዛቱ አደረገው። ጎዳናው ስሙን ሲቀይርና አሰብ ባለቤቷን ስትቀይር በአንድ ዓመት ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው ሊባል ይችላል፤ የዓመቱ መገጣጠም በርግጥ አጋጣሚ ነው። አሠራሩ ግን የቆየ የጄኖቫ ልማድ ነው። በ1407 የተቋቋመው የሳን ጆርጆ ባንክ የመንግሥት አበዳሪዎች ማኅበር ነበር፤ ኮርሲካን እስከ ማስተዳደር ደርሷል። በሮሊ ዘመን መንግሥት በግል ቤት ውስጥ ይቀበላል፤ በአሰብ በግል ኩባንያ ስም ይገዛል። የሩባቲኖ ሐውልት የቆመው ከወደቡ ዳር በፒያትሳ ካሪካሜንቶ፣ ከዚያው ከሳን ጆርጆ ባንክ ሕንጻ አጠገብ ነው። በኔ አስተያየት ስትራዳ ኑኦቫን ማየት የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ከእኛ ወገን የሄደ፣ ከቱርሲ ደረጃ ሳይሆን ከዚህ አደባባይ ተነሥቶ በማዳሌና በኩል ሽቅብ ቢወጣ ይሻለዋል።