ወረቀቱን ያስቀመጠው ተናጋሪ

የኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ በተነሣ ቁጥር፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በዚያ የተኩስና የፈንጂ ትምህርት መቅሰሙ ይወሳል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ያሰማው ንግግር ግን እምብዛም አይነሣም። በስውር ሲዘዋወር ዴቪድ ሞትሳማዪ ይባል የነበረው ታጋይ፣ በምሥራቅ፣ በማዕከላዊና በደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ሲቆም የተናገረው በገዛ ስሙ ነበር።

ለንግግር ጥበብ ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በተከሳሽነት ያሰማው ቃል ነው። ሰዓታት የፈጀውን ንግግር ከጽሑፍ አነበበ። የተቀዳው ድምፅ ዛሬም ሲደመጥ ዝግ ያለ፣ የተመጠነ፣ እንዲያውም ለመድረክ ሰው ጆሮ ደረቅ ነው። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ግን ወረቀቱን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከዳኛው ሳይነቅል በቃሉ መናገሩን በ1987 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ጠበቃው ብራም ፊሸር ያንን አንቀጽ እንዲተወው ወትውቶት ነበር፤ ስቅላት የሚያስፈርድ ክስ ነበርና።

እንግዲህ ከወረቀት ያነበበ ሁሉ ከልቡ አልተናገረም የሚለው የተለመደ ነቀፋ ስንኩል ነው። ማንዴላ ታሪኩንና ማስረጃውን ለወረቀት አደራ ሰጠ፤ ሕይወቱን ያስያዘበትን ቃል ግን ራሱ ያዘው። በየስብሰባ አዳራሹ የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው። ተናጋሪው «ክቡራንና ክቡራት» የሚለውን ቀና ብሎ፣ ፈገግ እያለ በቃሉ ይወጣዋል፤ «እኔ የማምነው» የሚለው ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ መስመሩን ይፈልጋል።