የሸክም ምርመራ
በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1861 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው የሜልቦርን ዋንጫ ሽቅድምድም በቀረበ ጊዜ፣ ተወዳዳሪዎቹን አስቀድሞ የሚመረምር ሰው ጥበብ እጅግ ያስደንቀኛል፤ ኃያሉንና ደካማውን ለማስተካከል በእያንዳንዱ ፈረስ ላይ የተደለደለው ክብደት፣ በ3,200 ሜትሩ ፍጻሜ የማንን ጉልበት እንደሚያዝል አስቀድሞ መመዘን ይገባዋልና። ካርባይን የተባለው ዕፁብ ፈረስ በ1890 ዓ.ም. 66 ኪሎ ያህል ተሸክሞ 38 ተፎካካሪዎችን ድል ነሣ፤ በ1930 ዓ.ም. ያሸነፈው ፋር ላፕ ግን፣ በማግሥቱ ዓመት 68 ኪሎ ቢጫንበት ስምንተኛ ወጣ። ስለዚህ መርማሪው የቀደመውን ድል ሲያነብ ድሉ ያስከተለውን ሸክም አብሮ ያነባል፤ ክብደቱ ቀሎለት፣ ዝናው ገና ያልተሰማውንም ፈረስ በትዕግሥት ይፈልጋል። ውርርዱን ለወዳጆቹ ትቼ፣ እኔ የማከብረው ይህን ፍለጋ ነው።