ከተማና ከተሜ በልቦለዶቻችን

ስለ ከተማ የተጻፉ ልቦለዶቻችን ሲመረመሩ አንድ አካሄድ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም ከተማ አድራጊ፣ ሰው ተደራጊ ሆኖ መቅረቡ ነው። ከገጠር የመጣው ባለታሪክ ጠባዩ ሲለወጥ ጥፋቱ ሁሉ በከተማዪቱ ይላከካል። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት እንዳለው አንክድም።

በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ከአድማስ ባሻገር» ይህንኑ ግማሽ እውነት በብልኀት አሳይቶናል። አበራ ወርቁን ከሥዕል ምኞቱ የሚያርቀው አንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የቢሮ ሰዓት፣ የወር ደመወዝ፣ የዘመድ ምክርና ይሉኝታ ናቸው። የከተማ ኑሮ በሰው ላይ የሚሠራው እንዲህ ቀስ በቀስ መሆኑን ደራሲው ስላስተዋለ፣ መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል።

ይሁን እንጂ ሰውም በፈንታው ከተማን ይሠራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ፤ «ሰፈር» የሚለውም ቃል ይህንኑ ያስታውሳል። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር በባለቤቱ ማዕረግ ሲጠራ፣ ሠራተኛ ሰፈር ግን በእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ተጠራ፤ ሰባራ ባቡርም ስሙን ያገኘው ተበላሽቶ ከቀረ የመንገድ መዳመጫ መኪና ነው። መሬቱን ቤተ መንግሥት ቢመራም፣ ስሙን ያጸናው የአላፊ አግዳሚው አንደበት ነው።

ይህ መደራረግ ዛሬም አልተቋረጠም። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲታነጹ፣ ለከብት ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት በንድፉ ውስጥ ገብቷል፤ በዚህ ልማድ ሕንፃን አዘዘ። በአንጻሩ የፎቁ ደረጃና የተዘጋው በር ልማድን ያዛሉ፤ ቀድሞ በአንድ ግቢ ቡና ይጠራራ የነበረ ጎረቤት አሁን መጠራራትን እንደገና መማር አለበት። እድሩስ ከነዋሪው ጋር ይዛወራል ወይስ በአሮጌው ሰፈር ይቀራል? እንዲህ ያለው ጥያቄ የልቦለድ እንጂ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የነበሩ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ግድግዳ ብቻ አልፈረሰም፤ ማን ከማን እሳት ይጫጫር እንደ ነበረ የሚያውቀው ጉርብትናም ተበትኗል። ፎቶግራፍ ቤቱን ያስቀምጥልናል፤ ጉርብትናውን ግን የሚያስቀምጥልን ብዕር ነው። ስለዚህ ደራሲዎቻችን ከተማን መውቀሱን ትተው፣ ከተሜው በየዕለቱ እንዴት እንደሚሠራትና እንዴት እንደምትሠራው ቀርበው ይመልከቱ እንላለን። የሚያውቋት ሰዎች ሳይበተኑ ይህን ካልጻፉት፣ የሚመጣው ትውልድ የሰፈሩን ስም ይወርሳል እንጂ ምክንያቱን አያገኘውም።